ያገለገለ ኦቶሞቢል ገዝቶ ወደ ጋዝ ስለ መለወጥ

ለቤቱ የሚያስብ ሰው ዕቃ ሲገዛ የሚጠይቀው ስለ ዋጋው ብቻ አይደለም። ዕቃው ከተገዛ በኋላ ምን እንደሚበላ፥ ማን እንደሚጠብቀው፥ በተበላሸም ጊዜ ማን እንደሚያድነው አስቀድሞ ይመረምራል። በቅሎ የሚገዛ ሰው ገብሱንና ድርቆሹን ሳያስብ ገንዘቡን አይቆጥርም። ኦቶሞቢልም እንዲሁ ነው፤ ቀለቡን ሳያውቁ የገዙት እንደ ሆነ ከጥቂት ወራት በኋላ በደጅ ቆሞ ዝናብ የሚመታው፥ ለልጆች መጫወቻ ለዶሮም ማደሪያ የሚሆን ብረት ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ሳምንት ለመጻፍ ያነሣሣን በአዊ አገር፥ በእንጅባራና በዳንግላ የሚኖሩ ቤተ ሰቦች በጥንቃቄ ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውም ያገለገለ የቤንዚን ኦቶሞቢል በመጠነኛ ዋጋ ገዝቶ፥ በጋዝ እንዲሠራ አስለውጦ፥ ከቤንዚን ወረፋና ከዋጋው ክብደት ማምለጥ ይቻላልን? የሚል ነው። ብዙ ቤተ ሰብ ለአንድ ኦቶሞቢል የሚያወጣው ገንዘብ የብዙ ዓመት ቁጠባ ስለ ሆነ፥ ነገሩ በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

ጥያቄው በዚህ ዘመን የተነሣበት ምክንያት የታወቀ ነው። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ ኦቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ የቤንዚን ኦቶሞቢል የሚፈልግ ሰው በአገር ውስጥ ካለው፥ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ከሚተላለፈው መምረጥ ግድ ሆነበት። ቀጥሎም በመስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻው የመጀመሪያ ክፍል ተመረቀ፤ በዓመትም 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ለማምረት የሚችል መሆኑ ተነገረ። የካሉብ ጋዝ መኖሩ የታወቀው በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፥ ከምድር ወጥቶ እዚህ እስኪደርስ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ፈጅቷል። ይህን የሰማ የቤት ባለቤት «እንግዲህ የራሳችን ጋዝ ከመጣ ኦቶሞቢላችንን ለጋዝ እናዘጋጅ» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን በካሉብ ያለ ጋዝ በእንጅባራ ያለ ጋዝ አይደለም። በመካከሉ ከሺህ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ አለ፤ ከመንገዱም ይልቅ ጋዙን የሚያጓጉዘው ልዩ መኪና፥ የሚቀበለው ማከማቻና ለሕዝብ የሚቀዳው ማደያ መኖር አለባቸው። ስለዚህ የምክራችን መጀመሪያና መጨረሻ ይህ ነው፤ አስቀድሞ ማደያውን፥ ቀጥሎ ኦቶሞቢሉን፥ በመጨረሻ የጋዙን ዕቃ ምረጡ። ይህን ተራ የገለበጠ ሰው ጉድጓድ ሳይቆፍር ባልዲ የገዛውን ይመስላል።

ስለ ጋዝ ዓይነቶች

በኦቶሞቢል ሞተር የሚነደው ጋዝ በተለይ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በኩሽና የምናውቀው ቡታጋዝ ነው። ይህ ጋዝ በመጠነኛ ግፊት ፈሳሽ ስለሚሆን ሲሊንደሩ እጅግ ከባድ አይደለም። ሆኖም እስካሁን በአገራችን ኩሽናዎች የሚነደው ቡታጋዝ እንደ ቤንዚኑ ሁሉ ከውጭ አገር የሚመጣ ስለ ሆነ፥ እርሱም የሚጠፋበትና የሚወደድበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ይህኛው ለኦቶሞቢል ሲሆን እስከ 200 ባር፥ ማለት ከተለመደው የአየር ግፊት 200 ጊዜ ያህል በሚበልጥ ኃይል ተጨምቆ በወፍራም ሲሊንደር ይታሸጋል። ፈሳሽ ለማድረግ ግን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ያህል ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ በካሉብ የሚመረተውም በዚሁ መንገድ ፈሳሽ የሚደረገው ነው። ለአንዱ የተሠራው ዕቃ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ «በጋዝ ይሠራል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም «በየትኛው ጋዝ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አሁን መንገዱን በቁጥር እንየው። 60 ሊትር ውኃ ሊይዝ የሚችል የብረት ሲሊንደር በተፈጥሮ ጋዝ ቢሞላ፥ 14 ሊትር ያህል ቤንዚን የሚሠራውን ሥራ ይሠራል፤ ሲሊንደሩ ባዶውን 60 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቤንዚን የሚጠጣ ትንሽ ኦቶሞቢል በዚህ ጋዝ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከዳንግላ ባሕር ዳር ደርሶ መመለስ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ በጭንቅ ይበቃዋል። ከእንጅባራ ባሕር ዳር ደርሶ መመለስ ግን ከ230 ኪሎ ሜትር የማያንስ ነውና አይበቃውም። ከእንጅባራ አዲስ አበባማ ከ440 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ በመንገድ ላይ ሌላ የጋዝ ማደያ ከሌለ በጋዝ ብቻ የማይታሰብ ነው። ይህም ሁሉ በመነሻው ከተማ የሚቀዳ ጋዝ ካለ ነው። እንግዲህ ወደ ጋዝ የሚለወጥ ኦቶሞቢል የቤንዚን ታንከሩንና የቤንዚን መሥመሩን በደኅና ይዞ መኖር አለበት። መንገድ በተዘጋ፥ ጋዝም በጠፋ ቀን ቤተ ሰቡን ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው እርሱ ነው።

ስለ ከሰል ጋዝ

ከአዊ ወገን የሆነ አስተዋይ አንባቢ «ጋዝ ከሩቅ እስኪመጣ ከራሳችን ከሰል ጋዝ ብናወጣስ?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ቀልድ አይደለም። በፋግታ ለኮማ ወረዳ፥ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት በማሳው ተክሎ፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቆርጦ ከሰል እያደረገ እስከ አዲስ አበባ ሲሸጥ ኖሯል፤ ምንም እንኳ በቅርብ ዓመታት ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ገብቶ ብዙውን ቢጎዳው። ከእንጨትና ከከሰል የሚወጣ ጋዝም ኦቶሞቢል መንዳቱ የተረጋገጠ ነው። ዦርዥ ኢምበር የተባለ የአልዛስ ሰው ለዚህ የሚሆን ምድጃ ሠርቶ ነበር፤ በሁለተኛውም የዓለም ጦርነት ጊዜ ቤንዚን ሲጠፋ በኤውሮፓ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ኦቶሞቢሎች ምድጃ ተሸክመው በእንጨትና በከሰል ጋዝ ተነድተዋል።

ነገር ግን ሰላም ሆኖ ቤንዚን ሲመለስ ሰው ሁሉ ምድጃውን አውልቆ ጣለው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ለአንድ ሊትር ቤንዚን ምትክ 3 ኪሎ ያህል እንጨት ማንደድ ያስፈልግ ነበር፤ የሞተሩ ኃይል በሲሶ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቀንስ ነበር፤ ምድጃውን በየጊዜው መጥረግና አመዱን ማውጣት የአንድ ሰው ሥራ ነበር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ሰው የሚገድለው ያ ሽታ የሌለው መርዝ የዚህ ጋዝ ዋና ክፍል መሆኑ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ለትምህርት እንጂ ለተግባር አናቀርበውም። ትምህርቱም የኦቶሞቢል ነዳጅ የሚመረጠው በሚያስገርምነቱ ሳይሆን፥ በየዕለቱ ያለ ድካምና ያለ አደጋ በመገኘቱ መሆኑ ነው።

ስለ ደጋው አየርና ስለ ፈረስ ጉልበት

የአዊ ሰው ፈረስ ያውቃል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር ያየ ሰው ይህን ለመመስከር አይቸገርም። እንግዲህ የሞተር ኃይልም በፈረስ ጉልበት የሚቈጠር ስለ ሆነ፥ ነገሩን በዚሁ ቋንቋ እንናገረው።

እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ፥ ዳንግላም ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብለው የተቀመጡ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተርም እንደ ሰው የሚተነፍሰው አየር ነው። በባሕር ዳርቻ አገር 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው ተራ ሞተር እንጅባራ ሲደርስ 75 ያህል ብቻ ይቀረዋል። በተፈጥሮ ጋዝ ሲነዳ ደግሞ ከቀረው ላይ አንድ ዐሥረኛ ያህል ይቀነሳል፤ ምክንያቱም ጋዙ ወደ ሞተሩ ሲገባ ከአየሩ ቦታ ይሻማል። ስለዚህ ከመቶው ፈረስ በሥራ ላይ የሚገኙት 67 ያህሉ ናቸው። በዚህ ላይ 60 ኪሎው ሲሊንደር፥ አምስቱ ቤተ ሰብ፥ የጤፉና የድንቹ ጆንያ ሲጨመር በዳገት የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ከዚህ የምንማረው በከተማ ሜዳ ለሚነዳ የሚበቃው እጅግ ትንሽ ሞተር ለደጋ ቤተ ሰብ በጋዝ እንደማይበቃ ነው።

ኦቶሞቢሉን ስለ መምረጥ

ፈረስ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ያያል፥ ኮቴውን ያነሣል፥ ትንፋሹን ያዳምጣል፥ በመጨረሻም አስሮጦ ይፈትነዋል። ሻጩ በሚናገረው ዕድሜ ብቻ አይገዛም። በኦቶሞቢልም የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል ስለ ሆነ፥ እንደ ጥርስ የሚታመኑት ምልክቶች ሌሎች ናቸው።

1ኛ. ሞተሩ ቤንዚን የሚጠጣ ይሁን። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው ወደ ጋዝ መለወጡ ብዙ ወጪና ድካም አለበት፤ ለቤተ ሰብ ኦቶሞቢል አይመከርም።

2ኛ. ሞተሩን በቀዝቃዛነቱ ተመልከቱ። ገዢው በማለዳ፥ ሞተሩ ሳይነሣ ይድረስ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ቢጠብቅ በሌላ ቀን መመለስ ይሻላል። ሲነሣ ሰማያዊ ጢስ የሚያወጣ ዘይት የሚያቃጥል ነው። የሁሉም ፒስተኖች ኮምፕሬሽን በመሣሪያ ይለካ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ቢያንስ ያ ሞተር የታመመ ነው። ጋዝ የታመመ ሞተር አያድንም፤ በቤንዚን የሚያቃስት ሞተር በጋዝ ፈጽሞ ይቆማል።

3ኛ. የሞተሩን ውኃ መርምሩ። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ጋዙ ከሲሊንደር ወጥቶ ግፊቱ ሲቀንስ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ፥ ግፊት መቀነሻው ዕቃ ሙቀት የሚያገኘው ከሞተሩ ውኃ ነው። ራዲያተሩ የሚያንጠባጥብ፥ ውኃውም የሚጎድል ኦቶሞቢል በእንጅባራ የማለዳ ብርድ ይህን ዕቃ በበረዶ ያስይዘዋል። በራዲያተሩ ውኃ ላይ ዘይት ከታየ ወይም ዘይቱ ወተት መስሎ ከተገኘ የቴስታታው ጓርኒሲዮን የተበላ ነውና አትግዙ።

4ኛ. ስለ ቫልቮቹ ጠይቁ። ጋዝ ደረቅ ሆኖ ስለሚነድ የአንዳንድ ሞተሮች የቫልቭ መቀመጫ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ያ የሞተር ዓይነት ጋዝ እንደሚችል ወይም እንደማይችል ከሚያውቅ መካኒክ መረዳት ያስፈልጋል። ካርቡራቶር ያላቸው አሮጌዎቹ ኦቶሞቢሎች በቀላል ዕቃ ይለወጣሉ፤ ነገር ግን ጋዙ በትክክል ካልተመጠነ ወደ ኋላ የመተኮስ ጠባይ አላቸው። ቤንዚኑ ከቫልቩ በፊት ባለው ቱቦ ውስጥ የሚረጭላቸው ሞተሮች ከሁሉ ይመረጣሉ። ቤንዚኑ በቀጥታ ፒስተኑ ወዳለበት የሚረጭባቸው አዳዲሶቹ ግን ለመለወጥ ውድና አስቸጋሪ ናቸው።

5ኛ. ከሥሩ ገብታችሁ እዩት። ሲሊንደሩ የሚታሰረው ከኋላ በዕቃ ማስቀመጫው ወለል ላይ ነው። ያ ወለል ዝገት የበላው ከሆነ 60 ኪሎ ብረት በጉድጓዳማ መንገድ ሊያስርበት አይገባም። የኋላው ሞላና ፍሬኑም ለተጨማሪው ክብደት የሚበቁ ይሁኑ።

6ኛ. ወረቀቱን ከብረቱ ጋር አስተያዩ። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲና የሞተር ቍጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑ፥ ኦቶሞቢሉም በባንክ ዕዳ ያልተያዘ መሆኑ ይረጋገጥ። የነዳጅ ለውጥ እንዴት እንደሚመዘገብም ገንዘብ ሳይከፈል በፊት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱን መጠየቅ ይገባል።

በመጨረሻም እንደ ፈረሱ ይፈተን። ለዚህ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ የሚወጣው መንገድ በቅርብ የሚገኝ መልካም መፈተኛ ነው። አራት ሰው ጭኖ ያንን የወጣ፥ ደርሶም የሙቀት መለኪያው ያልዘለለ ኦቶሞቢል ስለ ራሱ ከሻጩ ይልቅ እውነት ይናገራል።

ስለ ቤተ ሰብ ደኅንነት

ይህን ክፍል በተለይ እናቶችና አባቶች በአንድነት እንዲያነቡት እንለምናለን። የኩሽና ሲሊንደር በጎማ ቱቦ አያይዞ በኦቶሞቢል ውስጥ ማኖር እሳት ከልጆች ጋር ማስተኛት ነው። ለኦቶሞቢል የተሠራው ሲሊንደር ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍስ፥ ቱቦ ሲበጠስ የሚዘጋ መክደኛ አለው፤ የቡታጋዙም ጋዝ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ እንዲኖረው ከ80 በመቶ በላይ እንዳይሞላ የሚከለክል ነው። በሲሊንደሩ ላይ የተሠራበትና የተፈተነበት ዘመን ተቀርጾ ይገኛል። ጽሕፈቱ የተፋቀ ወይም የመፈተኛው ዘመን ያለፈበት ሲሊንደር በነጻ ቢሰጥም አይቀበሉት።

ሁለቱ ጋዞች ሲያፈተልኩ ጠባያቸው የተለያየ ነው። ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳልና ወደ ወለል ወርዶ በጉድጓድና በዝቅተኛ ስፍራ ይተኛል፤ የተፈጥሮ ጋዝ ግን ይቀላልና ወደ ጣራ ይወጣል። ስለዚህ ኦቶሞቢሉ የሚያድርበት ቤት ከታችም ከላይም አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይኑረው፤ የቡና ከሰልና የዕጣን ማጨሻም ከዚያ ይራቅ። ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ ስለሌለው ሲያፈተልክ እንዲታወቅ የሚከረፋ ሽታ ይጨመርበታል። ያ ሽታ በተሰማ ጊዜ ሞተሩን ማጥፋት፥ ልጆችን ማስወጣት፥ በሮቹን መክፈት፥ የሲሊንደሩን መክደኛ መዝጋት እንጂ ክብሪት መጫር፥ መብራት ማብራት ወይም ስልክ መነካካት አይገባም። ይህንንም ነጂው ብቻ ሳይሆን የቤት እመቤቲቱና ዐዋቂ ልጆች ሁሉ ሊያውቁት ይገባል።

ስለ ሒሳቡ

የቤት ሒሳብ የምትይዝ እመቤት ውሉ ከመፈረሙ በፊት እርሳስዋን ታንሣ። 100 ሊትር ቤንዚን የሚሠራውን ለመሥራት ከ120 እስከ 130 ሊትር ቡታጋዝ ያስፈልጋል። እንግዲህ የአንድ ሊትር ቡታጋዝ ዋጋ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ሦስት አራተኛ በታች ካልሆነ ትርፍ የለም፤ ልፋት ብቻ ነው። ትርፍ ካለም በስንት ጊዜ እንደሚመለስ ይታሰብ። ለምሳሌ ያህል ብቻ መለወጫው 150,000 ብር ቢፈጅ፥ በወርም 3,000 ብር ቢያተርፍ፥ ገንዘቡ የሚመለሰው ከ50 ወር፥ ማለት ከአራት ዓመት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ በሥራ ላይ ለሚውል የኪራይ ኦቶሞቢል ይህ ሒሳብ ይፈጥናል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ለሚወጣው የቤት ኦቶሞቢል ግን ብረቱ አርጅቶ ገንዘቡ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል።

በዓለም ላይ ወደ ጋዝ መለወጥ የተሳካላቸውን ከተሞች ብናይ ይህንኑ እናገኛለን። በሕንድ አገር በዴልሂ የከተማው አውቶቡሶች ወደ ተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ እንዲዞሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1990 ዓ.ም. አዘዘ። ትእዛዙ ከተሰጠ በኋላ እንኳ ማደያው እስኪበቃ ድረስ ነጂዎች ረጅም ወረፋ ጠብቀዋል። ማደያው ሲበዛ ግን አውቶቡሱም ባጃጁም በጋዝ መነዳቱን ለመደው። መኪና ማደያን አላመጣም፤ ማደያ ነው መኪናን ያመጣው።

እንግዲህ ለእንጅባራና ለዳንግላ ባለቤቶች የምንመክረው ይህ ነው። አሁን ኦቶሞቢል የሚያስፈልጋችሁ እንደ ሆነ፥ በቤንዚን ጤነኛ የሆነ፥ ከላይ በተቈጠሩት ፈተናዎች ያለፈ፥ ለነገው ሲሊንደር ከኋላው በቂ ቦታና ብርቱ ወለል ያለው ያገለገለ ኦቶሞቢል ግዙ፤ በቤንዚኑም ንዱት። የመለወጫውን ገንዘብ ለብቻ አስቀምጡት። ጋዝ የሚቀዳ ማደያ በከተማችሁ ተከፍቶ ክረምትና በጋ ሳይቋረጥ ሲሠራ ያያችሁ እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ ያለ ፍርሃት አስለውጡ። እስከዚያ ከእንጅባራ በቻግኒ በኩል መንገዱ የሚያደርስበት፥ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ኤሌክትሪክ የኦቶሞቢልን ነገር በሌላ መንገድ ሊያቀልለው ይችል ይሆናል፤ ያን ጊዜም ገንዘቡን ያልጣለ ሰው የመምረጥ ነጻነት ይኖረዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ በዚህ ነገር መዘግየት ስንፍና ሳይሆን ቤትን መጠበቅ ነው።

መንገዳችሁን የሰላም፥ ቤታችሁንም የበረከት ያድርግላችሁ።